ጉሎ፣ ግራሶና ናይለን፦ ከዘይት ፍሬ ስለሚወጡ የፋብሪካ ኬሚካሎች ለሰበካ የልማት ክፍሎች የተዘጋጀ ትምህርት

ባለፈው ሩብ ዓመት ከአንድ የገጠር ደብር የመጡ ሦስት የሰበካ ጉባኤ አባላት የውል ረቂቅ ይዘው ወደ እኛ መጥተው ነበር። ረቂቁ በደብሩ ይዞታ ካለው መሬት ሦስቱ ሄክታር ለአምስት ዓመት ጉሎ እንዲለማበት፣ ምርቱንም አንድ ነጋዴ ሙሉ በሙሉ እንዲረከብ የሚል ነው። መሬቱ እስከ አሁን ጤፍና ሽንብራ በፈረቃ እየተዘራበት ለአብነት ተማሪዎች ቀለብ ሲሆን የኖረ ነው። ነጋዴው «በውጭ አገር ከጉሎ ፕላስቲክ ይሠራል፤ ነዳጅ ሲያልቅ ዓለም ሁሉ ፊቱን ወደ ጉሎ ያዞራል» እንዳላቸው ነገሩን። ጥያቄያቸው ሁለት ነበር፤ ነገሩ እውነት ነውን? እውነት ከሆነስ መፈረም ይገባናልን?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ አዎን፣ እውነት ነው። ሁለተኛውን ለመመለስ ግን ፍሬው ከማሳው ወጥቶ ፋብሪካ ከገባ በኋላ ምን እንደሚደረግበት፣ ከእያንዳንዱ እርምጃም ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ መረዳት ያስፈልጋል። ይህን ትምህርት ያዘጋጀነው ለእነዚያ አባቶች በቃል የሰጠነውን ማብራሪያ ለሌሎችም አድባራት ለማዳረስ ነው። አንዳንድ ቦታ ኬሚስትሪው ይበዛ ይሆናል፤ አንባብያን ይታገሡን።

ጉሎን ከቤታችን እናውቀዋለን

ጉሎ ለእኛ እንግዳ ተክል አይደለም። የእጽዋት ሊቃውንት የጉሎ መነሻ ኢትዮጵያን የሚጨምረው የአፍሪካ ሰሜን ምሥራቃዊ ክፍል ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ፍሬው በጥንታውያን ግብፃውያን መቃብሮች ውስጥ ተገኝቷል፤ ዘይቱም ለመብራት ይውል ነበር። በአገራችን በየአጥሩ ጥግ፣ በየጥራጊ መጣያው ዳርና በየወንዙ ዳርቻ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ሲያሟሹ ፍሬውን ወቅጠው ይቀቡታል፤ ቅባቱ ወደ ሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሰርጎ በእሳት ይጋገርና እንጀራው ምጣዱን ሳይዝ እንዲነሣ ያደርጋል። በልጅነቱ ለሆድ ማጠቢያ የጉሎ ዘይት የቀመሰም ጣዕሙን የሚረሳው አይመስለንም።

ለካህናት አንባብያን አንድ ነገር በማለፍ እንጥቀስ። በጾመ ነነዌ የምናስበው ነቢዩ ዮናስ የተጠለለባት ተክል በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ቅል» ተብላለች። የዕብራይስጡ ቃል «ቂቃዮን» ሲሆን ብዙ ተመራማሪዎች ጉሎ ነው ይላሉ። በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጄሮም ይህን ቃል በላቲን በሌላ የሐረግ ስም በመተርጎሙ በአንዲት የሰሜን አፍሪካ ከተማ ምእመናን የለመድነው ቃል ተለወጠብን ብለው ሁከት ማንሣታቸውን አውግስጢኖስ ጽፎለት ነበር፤ ሁለቱም በደብዳቤ ተከራክረውበታል። ክርክሩን ለመጻሕፍት መምህራን እንተወዋለን። ጉሎ ግን በእርግጥ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ ትልም የሚደፍረው ተክል መሆኑን ማንም ገበሬ ይመሰክራል።

ፋብሪካ ለምን ይፈልገዋል?

በዘመናችን ፋብሪካዎች የሚያመርቷቸው ፕላስቲክ፣ ናይለን፣ ቀለም፣ ሙጫና ማለስለሻ ቅባት በአብዛኛው መነሻቸው ድፍድፍ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ኬሚስቱ ከነዳጅ የሚፈልገው እሳቱን ሳይሆን ካርቦኑን ነው። የካርቦን አቶሞች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ይሠራሉ፤ ሰንሰለቱን በመቁረጥ፣ በመቀጠልና ሌላ አቶም በማንጠልጠል እጅግ ብዙ ዓይነት ነገር ይፈጠራል። ነዳጁ ከመሬት የወጣ ካርቦን ስለሆነ ዕቃው አገልግሎቱን ጨርሶ ሲቃጠል ቀድሞ በአየር ውስጥ ያልነበረ ካርቦን ወደ አየር ይጨመራል። ተክል ግን የሚሠራው ከአየር በወሰደው ካርቦን ነው። ከነዳጅ ይልቅ ከተክል ኬሚካል ለመሥራት የሚደረገው ጥረት ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ከተክል ዘይቶች መካከል ጉሎ ለብቻው የሚቆም ነው። የኑግም ሆነ የሰሊጥ ዘይት በአብዛኛው 18 ካርቦን ካላቸው የቅባት አሲዶች የተሠራ ነው፤ የጉሎም እንዲሁ። ነገር ግን በጉሎ ዘይት ውስጥ ካሉት የቅባት አሲዶች ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ሪሲኖሌይክ አሲድ የተባለው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ይህ አሲድ በሰንሰለቱ 9ኛና 10ኛ ካርቦኖች መካከል ድርብ ማያያዣ፣ በ12ኛው ካርቦን ላይ ደግሞ የኦክስጅንና የሃይድሮጂን ጥንድ አለው። ኑግ ይህ ጥንድ የለውም። ለኬሚስቱ እነዚህ ሁለቱ እንደ እጀታ ናቸው፤ ሰንሰለቱን በሚፈልገው ቦታ ላይ ለመጨበጥና ለመስበር ያስችሉታል። ከነዳጅ ተነሥቶ ተመሳሳይ ሰንሰለት ለመሥራት ብዙ እርምጃ ያስፈልጋል፤ ጉሎው ግን የሥራውን ግማሽ በማሳው ላይ ጨርሶ ይመጣል።

ካታሊስት ማለት ምን ማለት ነው?

ስለዚህ ሙያ ያለ ካታሊስት መናገር አይቻልም። ካታሊስት በሁለት ነገሮች መካከል የሚደረገውን የኬሚካል ለውጥ የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በለውጡ መጨረሻ እንደነበረ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ በእርሾ ይመሰላል፤ ሆኖም እርሾ ሕይወት ያለው ስለሆነ ሊጡን እየበላ ይባዛል፤ ስለዚህ ምሳሌው ሙሉ አይደለም። ለእኛ የሚሻለው የሽማግሌ ምሳሌ ነው። ልጅ ለመጠየቅ የተላኩ ሽማግሌዎች ሁለት ቤተሰቦችን ያገናኛሉ፤ ያለ እነርሱ ዓመታት ሊፈጅ የሚችለው ነገር በጥቂት ቀናት ያልቃል፤ ጋብቻው ግን የሙሽሮቹ እንጂ የሽማግሌዎቹ አይደለም። ሰርጉ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ እንደነበሩ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ለሌላ ቤት ይላካሉ። ካታሊስትም ጥቂቱ ለብዙ፣ ደጋግሞም የሚያገለግል ነው። በዚህ ምክንያት የሚፈለገውን ሙቀት ይቀንሳል፤ አላስፈላጊ ተረፈ ምርትንም ያሳንሳል።

ከዚህ የሚለየው የሚበላው ረዳት ነው። በአንድ ሥራ ውስጥ የሚገባ ኮስቲክ ሶዳ ወይም አሲድ በለውጡ ከተበላ ካታሊስት አይባልም፤ በመጨረሻ ጨው ሆኖ ይወጣልና መጣያ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር የተባሉ አሜሪካውያን ኬሚስቶች የአረንጓዴ ኬሚስትሪ 12 መርሆዎችን ሲያወጡ፣ የሚታደስ ጥሬ ዕቃን መጠቀም አንዱ፣ ከሚበላ ረዳት ይልቅ ካታሊስትን መምረጥ ደግሞ ሌላው ሆኗል። ሁለቱ የተለያዩ መርሆዎች መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ አንድ ፋብሪካ አንዱን ጠብቆ ሌላውን ሊጥስ ይችላል። ከዚህ በታች እንደምናየው በጉሎ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው።

በወፍጮ ቤቱ ያለው ግራሶ

ደብራችሁ ወፍጮ ቤት ካለው የጉሎ ኬሚስትሪ ሳታውቁት ቅጥር ግቢያችሁ ገብቷል። በወፍጮው ኩሽኔታ ውስጥ የሚገባው ግራሶ በአብዛኛው የሊቲየም ግራሶ ሲሆን፣ ዘይቱን አስሮ እንዳይፈስ የሚያደርገው የሳሙና ዓይነት የሚሠራው ከጉሎ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የጉሎ ዘይት በሙቀትና በግፊት፣ የደቀቀ ኒኬል ባለበት፣ ከሃይድሮጂን ጋር ይገናኛል። ኒኬሉ ካታሊስት ነው። በ9ኛውና በ10ኛው ካርቦን መካከል ያለው ድርብ ማያያዣ ይሞላና ፈሳሹ ዘይት ወደ 86 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ካልደረሰ የማይቀልጥ፣ ሰም የሚመስል ጠጣር ይሆናል። ከዚህ የሚገኘው አሲድ ከሊቲየም ጋር ሲዋሐድ ግራሶውን የሚያጠነክረው ሳሙና ይወጣል። ከአትክልት ዘይት ማርጋሪን የሚሠራበትም ጥበብ ይኸው ነው። የደቀቁ ብረቶችን በመጠቀም ሃይድሮጂን የመጨመርን ዘዴ ያገኘው ፈረንሳዊው ፖል ሳባትዬ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1912 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ይህ ከጉሎ ሥራዎች ሁሉ ንጹሑ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ዘይቱ አይቆረጥም፤ የሚጣል ነገር ጥቂት ነው፤ ኒኬሉም ተጣርቶ ይመለሳል። የሚቀረው ሃይድሮጂኑ ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሚመረተው ሃይድሮጂን በአብዛኛው የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ ነውና።

ናይለን 11

ነጋዴው «ፕላስቲክ» ያለው ይህን ሳይሆን አይቀርም። በፈረንሳይ አገር በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተፈልስፎ ሪልሳን በሚል የንግድ ስም እስከ ዛሬ የሚሸጥ የናይለን ዓይነት ነው። የተጀመረው «አረንጓዴ ኬሚስትሪ» የሚለው ስም ገና ሳይፈጠር ነው። በከባድ መኪና የአየር ፍሬን ውስጥ ያሉት ቱቦዎችና ብዙ የነዳጅ መስመሮች ከዚህ ይሠራሉ፤ ምክንያቱም ብርድም ሆነ ዘይት ወይም ነዳጅ በቀላሉ አያበላሸውም።

አሠራሩን በመቁጠሪያው ምሳሌ እንከተል። በመጀመሪያ ዘይቱ ጥቂት አልካሊ እንደ ካታሊስት ገብቶበት ከሜታኖል ጋር ይዋሐዳል፤ ግሊሰሪኑ ይለያል፤ 18 ፍሬ ያለው ሰንሰለት ለብቻው ይቀራል። ቀጥሎ በእንፋሎት ታጅቦ ወደ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ወይም በሚያልፍ ሙቀት ውስጥ በፍጥነት ያልፋል። ያን ጊዜ ሰንሰለቱ በሁለቱ እጀታዎች መካከል ይሰበርና 18ቱ 11 እና 7 ሆኖ ይከፈላል። ባለ 7ቱ ሄፕታናል ይባላል፤ ወደ ሽቶ ፋብሪካ ይሄድና የጃስሚን አበባ ሽታ ያላቸው ቅመሞች ይሠሩበታል። ባለ 11ዱ በሃይድሮጂን ብሮማይድ፣ ከዚያም በአሞኒያ ታክሞ በአንድ ጫፉ አሲድ፣ በሌላው ጫፉ ናይትሮጂን ይይዛል። እነዚህ ራስና ጅራታቸውን እየተያያዙ ናይለን 11 ይሆናሉ፤ ቁጥሩም የካርቦኑ ቁጥር ነው።

የተለመደውን ናይለን ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ከነዳጅ የሚሠራው ናይለን 66 አዲፒክ አሲድ የተባለ ጥሬ ዕቃ ይፈልጋል፤ ይህም በናይትሪክ አሲድ ሲሠራ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት አንዱ ኪሎ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ260 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል። ብዙ ፋብሪካዎች ዛሬ ጋዙን ወደ አየር ከመልቀቅ በፊት ያጠፉታል፤ ከማጥፊያው መንገድ አንዱም ካታሊስት ነው። የጉሎው ናይለን ይህ ችግር የለበትም። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ የማሳ ፍሬ ነው ማለትም አይቻልም፤ ካርቦኑ የጉሎ ሲሆን ናይትሮጂኑ የመጣው ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያም እንደ ማዳበሪያው ሁሉ በተፈጥሮ ጋዝ ይሠራል። እንደዚሁም ከገባው የካርቦን ሰንሰለት ናይለን የሚሆነው ከ18ቱ 11ዱ ብቻ ነው። ለ7ቱ ገዢ ከሌለ ሥራው አያዋጣም።

ከማሳ የመጣ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

የውል ረቂቁን ይዘው ለመጡት አባቶች አጥብቀን የነገርናቸው ስለ ሴባሲክ አሲድ ነው። ይህ ባለ 10 ካርቦን አሲድ ነው፤ ለናይለን፣ ለፕላስቲክ ማለስለሻና ለከፍተኛ ሙቀት ቅባቶች ይውላል። በብዛት የሚሠራው ከጉሎ ዘይት ሲሆን የምርቱ ዋና ማዕከል ቻይና ናት። እዚህ 18ቱ የሚከፈለው 10 እና 8 ሆኖ ነው። ሰባሪው ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ዘይቱ ከጠነከረ ኮስቲክ ሶዳ ጋር ከ250 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል።

ታዲያ ኮስቲክ ሶዳው ሽማግሌ ሳይሆን የሚበላ ረዳት ነው። የተገኘው ጨው ወደ አሲድ እንዲመለስ ሰልፈሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ሁለቱ ተገናኝተው ሶዲየም ሰልፌት ይሆናሉ። በኬሚካል ስሌት ብቻ ቢታይ እንኳ ለእያንዳንዱ 1 ኪሎ ሴባሲክ አሲድ ቢያንስ 0.7 ኪሎ ጨው ይወጣል። በዚህ ላይ ድብልቁ እጅግ ወፍራም ስለሆነ እንዲቀጥን በቀድሞው አሠራር ፌኖል ወይም ክሬሶል ይጨመርበት ነበር፤ አሁንም በየቦታው ይጨመራል። ፌኖል መርዝ ነው፤ ወደ ውኃ ከገባ ዓሣ ይገድላል፤ ውኃውንም ለማጣራት አስቸጋሪ ነው። በአንዳንድ አሠራር የሚገባው ካታሊስት ደግሞ የእርሳስ ኦክሳይድ ነው፤ እርሳስ በሕፃናት አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የታወቀ ነው።

እንግዲህ ጥሬ ዕቃው ከማሳ የመጣ፣ ከነዳጅ ነፃ የሆነ ሥራ ፋብሪካው ካለበት ወንዝ በታች ላሉት ሰዎች መርዝ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች ፌኖሉን በፓራፊን ዘይት ለመተካት፣ እርሳሱንም ጉዳቱ ባነሰ የብረት ኦክሳይድ ለመለወጥ ብዙ ሠርተዋል። ለዚህ ኬሚካል «አረንጓዴ» የሚለው ስም የሚገባው እነዚህ ለውጦች ሲገቡ እንጂ ከጉሎ በመሠራቱ ብቻ አይደለም ብለን እናምናለን።

አዳዲስ መንገዶች

ስለ አዲሶቹ መንገዶች ባጭሩ እንናገር። ሜታቴሲስ የሚባለው ዘዴ የሁለት ሰንሰለቶች ድርብ ማያያዣዎች በሚገኙበት ቦታ ጓደኛ እንዲቀያየሩ ያደርጋል። ኢቭ ሾቫን፣ ሮበርት ግራብስና ሪቻርድ ሽሮክ በዚህ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ሩቴኒየም የተባለው ብርቅ ብረት በጥቂቱ ገብቶ ከጉሎ የተገኘውን ባለ 11 ሰንሰለት በአንድ ካርቦን አስረዝሞ ለናይለን 12 መነሻ እንዲሆን ማድረግ በቤተ ሙከራ ተችሏል፤ ብሮሚንም አይፈልግም። ችግሩ የብረቱ ዋጋ ነው።

ከጉሎ ውጭ ያለውን ለማወቅ ለሚፈልጉ ደግሞ የብራዚልን ምሳሌ እንጠቅሳለን። በደቡብ ብራዚል በትሪዩንፎ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተ ፋብሪካ ከሸንኮራ አገዳ የወጣ አልኮልን በአሉሚና ካታሊስት ላይ አሳልፎ፣ ውኃውን አስወጥቶ፣ በዓመት 200,000 ቶን ያህል ኤቲሊን እንዲያመርት ታቅዶ የተሠራ ነው፤ ኤቲሊኑ የፌስታልና የጄሪካን ፕላስቲክ ይሆናል። በእኛም አገር ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ አልኮል አውጥተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ ተሸጧል። ሞላሰስ የስኳር ተረፈ ምርት በመሆኑ ከማንም ማዕድ አልተነሣም። የጉሎው ጉዳይ በዚህ ይለያል፤ ጉሎ ማሳ ይፈልጋል።

ስለ መርዙ

ከሁሉ በፊት በየደብሩ መነገር ያለበት ይህ ነው። በጉሎ ፍሬ ውስጥ ሪሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አለ። የታኘኩ ጥቂት ፍሬዎች ሕፃንን ለከባድ ሕመም፣ ለሞትም ሊያደርሱ ይችላሉ። ፍሬው ዥንጉርጉርና የሚያምር ስለሆነ ልጆች ይጫወቱበታል። ሪሲን በውኃ እንጂ በዘይት ስለማይሟሟ ዘይቱ በሚገባ ሲጨመቅና ሲጣራ መርዙ በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የጉሎ ፋጉሎ እንደ ኑግ ፋጉሎ ለከብት አይሰጥም። ሙቀት ሪሲንን ያጠፋል፤ ነገር ግን በሚገባ መጥፋቱን በቤት ውስጥ ማረጋገጥ አይቻልም። አለርጂ የሚያስነሣው ሌላው የፍሬው ክፍል ደግሞ ሙቀትን ይበልጥ ይቋቋማል፤ ፍሬ የሚፈለፍሉና ፋጉሎ የሚያሸክሙ ሰዎች ዓይናቸው የሚያብጠውና ትንፋሻቸው የሚያጥረው በዚህ ምክንያት ነው። ፋጉሎው ለመሬት ጥሩ ማዳበሪያ ነው፤ ሆኖም ሽታው ውሻን ይስባል፤ የበሉት ውሾችም ሞተዋል። በአፈር ውስጥ ሳይቀበር ላዩ ላይ መበተን የለበትም።

ሰው ታኝኮ ከተገኘ ወይም ከተጠረጠረ በቤት መድኃኒት ሳይቆዩ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊጀምር ስለሚችል ልጁ ደኅና መምሰሉ አያታልል።

ስለ መሬቱና ስለ ውሉ

ወደ ሦስቱ ሄክታር እንመለስ። ከረቂቁ ጋር የተያያዘው የገቢ ስሌት በሄክታር 20 ኩንታል ፍሬ ይገኛል ይላል። ይህ ቁጥር ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሌላ አገር ቁጥር ነው። ከዓለም የጉሎ ምርት አብዛኛውን የምታመርተው ህንድ ናት፤ በህንድም የጉጃራት ግዛት ትቀድማለች፤ በዚያ በተዳቀለ ዘርና በመስኖ ወደ 2 ቶን በሄክታር ይገኛል። የደብሩ መሬት ግን መስኖ የለውም። በዝናብ ብቻ ለሚያርስ ገበሬ የሚገኘው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ለምሳሌ ያህል በሄክታር 7 ኩንታል ቢገኝ ሦስቱ ሄክታር 21 ኩንታል ፍሬ ይሰጣሉ፤ ረቂቁ የሚለው ግን 60 ነው። ፍሬው ከክብደቱ ከ40 እስከ 55 በመቶ ዘይት ቢኖረውም ዋጋ የሚጨምረው ዘይቱን በመጭመቅና በመለወጥ ላይ ነው፤ በውሉ ላይ ደብሩ የሚሸጠው ፍሬውን ብቻ ነው። የጉሎ ዘይት ደግሞ ከዓለም የአትክልት ዘይት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ገበያው ጠባብ ስለሆነ በጉጃራት ዝናብ በበዛ ወይም ባነሰ ቁጥር ዋጋው በዓለም ሁሉ ይዋዥቃል።

በአገራችንም ልምድ አለ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮፊውል ስትራቴጂ ካወጣ በኋላ ጉሎና ጃትሮፋ በብዙ ቦታ ተሞክረዋል፤ በወላይታ ገበሬዎች ለባዮዲዝል የሚሆን ጉሎ በውል እንዲያለሙ የተደረገበት ሥራ ብዙም ሳይቆይ ቆሟል። የዘሩ ሰዎች የቀራቸው የማይበላ ፍሬ ነበር። በቆሎ ገዢ ቢጠፋ ይቆላል፤ ጤፍ ገዢ ቢጠፋ ይጋገራል። ጉሎ ገዢ ሲጠፋ ለምጣድ ማሟሻ የሚበቃው አንድ ቁና ነው፤ የቀረው ምንም አይሆንም። በዚህ ነጥብ ላይ አንደኛው አባት፣ የደብሩ ሒሳብ ሹም፣ «ተማሪው ጉሎ አይበላም» ብለው ረቂቁን አጥፈው ወደ ከረጢታቸው መለሱት።

እኛ ግን ጉሎን ጨርሶ ተዉት አላልንም። ተክሉ ድርቅ ይችላል፤ ለእህል የማይሆን መሬት ላይም ይበቅላል። በቦረቦር ዳርና በአጥር ላይ ቢተከል አፈር ይይዛል። ቅጠሉን የኤሪ የሐር ትል ይመገበዋል፤ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በዚህ ትል እርባታ ላይ ሲሠራ ቆይቷል፤ በሴቶች ማኅበር ሊያዝ የሚችል ሥራ ነው። በጉጃራት እ.ኤ.አ. በ2016 አምራች ገበሬዎችን፣ የዘይት ጨማቂውንና ገዢ ፋብሪካዎችን በአንድ ያሰባሰበ ፕራጋቲ የተባለ የዘላቂ ጉሎ ፕሮግራም ተጀምሯል፤ ገበሬዎች ስለ ዘር፣ ስለ ውኃ አጠቃቀምና ስለ ፀረ ተባይ አያያዝ ይሠለጥኑበታል። ገዢው በዚህ መልክ ከገበሬው ጋር ሲቆም ነገሩ ሌላ ነው።

ስለዚህ ሦስቱ አባቶች ለነጋዴው በጽሑፍ የሚያቀርቡትን ጥያቄ አብረን አዘጋጀን። ፍሬውን የሚገዛው የመጨረሻው ፋብሪካ የት ነው፤ ከእርሱስ ጋር የተፈረመ ውል አለ ወይ? ዝቅተኛው ዋጋ በውሉ ላይ ለምን አልተጻፈም? ምርቱ ከተገመተው በታች ቢሆን ለዘርና ለማዳበሪያ የተሰጠውን ብድር ማን ይሸከማል? ፍሬው የሚፈለፈለውና የሚቀመጠው የት ነው፤ ለሠራተኞቹስ የአፍና የእጅ መሸፈኛ ማን ያቀርባል? ገዢው ቢቀር ደብሩ ከአምስት ዓመቱ በፊት መሬቱን መልሶ እህል መዝራት ይችላል ወይ? በረቂቁ ላይ ከእነዚህ ለአንዱም መልስ አልነበረም፤ የመረካከቢያው ቀንና የቅጣቱ አንቀጽ ግን በዝርዝር ተጽፈው ነበር።

ሰበካ ጉባኤው ጥያቄዎቹን በማኅተም አስደግፎ ልኳል። ይህ እትም ወደ ማተሚያ ቤት እስከሚገባበት ቀን ድረስ መልስ እንዳልመጣ የደብሩ ጸሐፊ በስልክ ነግረውናል። በሦስቱ ሄክታር ዘንድሮም ጤፍ ተዘርቷል። ከመቃብር ሥፍራው በስተታች ባለው ቦረቦር ዳር 40 ያህል የጉሎ ችግኝ ተተክሏል፤ የኔታም ተማሪዎቹን ሰብስበው ፍሬው ወደ አፍ እንደማይገባ ነግረዋቸዋል።